ከድሬዳዋ አዳማ ስንት ሰዓት ነው?

ፋኢዛ የጎረቤቴ የአብዱልሃኪም አንድያ ልጅ ናት። አዳማ ተወልዳ ድሬዳዋ አገባች፤ እዚያም ጨርቅ ትሸጣለች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ ኮንቴይነር ያመላለሰ ሾፌር ነበርና አውሮፕላን የሚባል ነገር አይዋጥለትም። «በአናቴ ላይ አልፈሽ አዲስ አበባ ትወርጂና ደግሞ በመኪና ወደ ኋላ ትመለሻለሽ? ምን የሚሉት መንገድ ነው!» ይላት ነበር። አልተሳሳተም። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቦሌ አዳማ መመለሱ ግን ከዚያ ይበልጣል። ያም ሆኖ በምድር የመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነው የሚውለው።

አንድ ሐሙስ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ አብዱልሃኪም አረፈ። ስኳር በሽታው ነው የጣለው።

እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ሰው በሩቅ አገር ብቻውን እንዳይደነግጥ «ትንሽ አሞታል፣ ነይ» እንላለን፤ ሰሚውም ይገባውና እያለቀሰ ይመጣል። ክፋቱ፣ የአብዱልሃኪም እህት ዙለይካ፣ ፋኢዛ «አዳዳ» የምትላት አክስቷ፣ ይህንኑ ቃል ናፍቆት በጠናባት ቁጥር ስትጠቀምበት ኖራለች። ፋኢዛ ሁለት ጊዜ እየተንቀጠቀጠች በርራ መጥታ አባቷን በረንዳ ላይ ጫቱን ይዞ ሲስቅ አግኝታዋለች። ታዲያ በሦስተኛው ለምን ትደንግጥ?

«አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ነይ» አለቻት ዙለይካ።

«እሺ አዳዳ፣ ዛሬውኑ እመጣለሁ።»

በመኪና ማለቷ ነበር፤ አባቷን ደስ ይለዋል ብላ። ቤተሰቡ ግን በአውሮፕላን ነው ብሎ ደመደመ። ማንም አልጠየቃት።

ስለዚህ ቀብሩ ከዙህር ሶላት ወደ አስር ሶላት ተገፋ። አብዱልሃኪም ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ልጁ እንድትሰናበተው ፊቱ ሳይሸፈን ቆየ። ስልኳ አልሠራ ሲል «በረራ ላይ ናት» ተባለ። ሙቀቱ በረታ፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። የአስር ሶላት ሲደርስ አጎቷ ፋሩቅ እንደገና ደወለላት፤ አነሳች።

«የት ደረስሽ?»

«መተሃራ። አዋሽ ኬላ ላይ ለፍተሻ አቆሙን እንጂ ይኼኔ ደርሼ ነበር። አባ እንዴት ነው? ምግብ ቀመሰ?»

ፋሩቅ ያኔ እንኳ ቢነግራት ምን ነበረበት! «ደህና ነው፣ ቀስ ብለሽ ነይ» ብሎ ዘጋው። አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሽማግሌዎቹ ከዚህ በላይ ማቆየት አይገባም አሉ። ጀናዛው ወጣ፤ እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ሳለን ከባጃጅ ወረደች። ድንኳኑን ስታይ ሻንጣዋን እዚያው ጥላ ወደ አባቷ ክፍል ሮጠች። ፍራሹ ተጠቅሎ ግድግዳ ተደግፏል።

ዙለይካ ተከትላት ገባችና እግሯ ላይ ወደቀች። «ብነግርሽ መንገድ ላይ ማን ይይዝሽ ነበር? ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ ብዬ ነው፣ ልጄ!»

ፋኢዛ አላለቀሰችም። አክስቷን በሁለት እጇ ደግፋ አነሳቻት።

«ብትነግሪኝ ኖሮ በአውሮፕላን እመጣ ነበር» አለቻት። «ፊቱን አይ ነበር፣ አዳዳ።»