ጥጥ ላይ የተዘራው ሽምብራ

መንግሥት ተለውጦ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ስንሰደድ አምስት ዓመቴ ነበር። ፓርክላንድስ መዋዕለ ሕፃናት ገባሁ። ናይሮቢ ፀደይ የሚባል ነገር የለም፤ መጋቢት ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ በቃ። መምህራችን ግን ከእንግሊዝ የመጣ መጽሐፏን ገልጣ «ፀደይ ስለሆነ ከየቤታችሁ ዘር አምጡና እናብቅል» አለችን።

እናቴ ከአገር ቤት ከተላከልን ሽምብራ አምስት ፍሬ ሰጠችኝ። ጣሳ ውስጥ እርጥብ ጥጥ ላይ ዘራሁት። የሌሎቹ ልጆች ቦሎቄ በሳምንቱ ቅጠል አወጣ። የእኔ አብጦ ሸተተ። መምህሯ «ውሃ አብዝተሽ ነው» ብላ ሁሉም ፊት ተቆጣችኝና ጣሳውን ደፋችው።

እያለቀስኩ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ እቴ! ቡና ልትጠጣ ወደመጣችው ጎረቤታችን ዞራ ሳቀች።

«ለሽሮ የታመሰ እኮ ነው! የታመሰ መቼ ይበቅላል? ዝም እንድትልልኝ ብዬ ነው የሰጠኋት።»

ሳቋን ይቅር ብያታለሁ። ግን ያን ሳምንት በሙሉ፣ እራት ከመቅረቡ በፊት ስንጸልይ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሽምብራዬን አብቅልልኝ» ባልኩ ቁጥር፣ ከሁላችን ድምጿን ከፍ አድርጋ «አሜን!» ትል የነበረችው እሷ ናት።