ጥያቄ ያልመጣበት ኮረብታ

ከይሪያ ሳልህ ንግግሯ አጭር ነው። የካ አባዶ ውስጥ፣ ከአንዱ ብሎክ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክና ኮምፒዩተር መጠገን ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ደንበኛ የተበላሸ ስልኩን ሲሰጣት ተቀብላ ትከፍተዋለች፣ በመብራት ታየዋለች፣ ከዚያ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ትላለች። አይሠራም ካለች ለምኖ ሐሳቧን የሚያስቀይራት የለም። ላምበረት አካባቢ ሬዲዮ ይጠግን የነበረውና ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ «አንቺ እኮ ዳኛ መሆን ነበረብሽ» ይላት ነበር። ቀልድ ቢሆንም ደስ ይላት ነበር።

የሰፈሩ መረብ የተጀመረው ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጉበት ዓመት ነው። ልጆቹ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ለኢንተርኔት የሚከፍሉት የሌላቸው ወላጆች ግራ ገባቸው። ያኔ ከየብሎኩ አሥራ አራት ሰዎች ተሰባስበው አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር በከይሪያ ሱቅ ጓዳ አስቀመጡ። የመማሪያ መጻሕፍትን፣ የቆዩ ፈተናዎችን፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ምክሮችን ጫኑበት። ጣሪያ ላይ አንቴና ተከሉ። ሰዉ ኢንተርኔት ባይኖረውም ያንን ሁሉ በስልኩ በነጻ ማንበብ ቻለ። ሥራው በሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ብሎኮችን፣ ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን አዳረሰ። ከዚያም እንጦጦ ወጣ። ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ ባህር ዛፉ መሀል ያለ አንድ እድር ዕቃ ቤቱን ለቀቀላቸው። አራት ኮምፒዩተር፣ አንድ ትልቅ ባትሪና አንድ ማስተላለፊያ ገባበት። ማስተላለፊያው ከአባዶ ጣሪያ የሚላከውን የሚቀበል፣ ከአንቴናው ሥር የሚታሰር ትንሽ ሣጥን ነው። እሱ ከሌለ የቀረው ሁሉ ተራ ዕቃ ነው።

መረቡ እየሰፋ ሲሄድ ሰዎቹ እያነሱ መጡ። አንዱ ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ገባ። አንዷ መንታ ወለደች። አንዱ ከጣሪያ ሲወርድ እግሩን ተሰበረና ዳግም አልወጣም። ሌሎቹ ያለ ምንም ጠብ፣ ያለ ምንም ስንብት መምጣት አቆሙ። በሦስተኛው ዓመት አምስት ሰው ቀረ። ከየብሎኩ የሚሰበሰበው መዋጮም በዓመት ሁለት ዕቃ ቢገዛ ነው። ስለዚህ የቱ ይቅደም የሚለው ጥያቄ የመረቡ ዋና ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ላይ የሚቀድመው የጮኸው ነበር። የኮሚቴ አባል ዘመድ ያለበት ብሎክ በሁለት ቀን ይጠገናል፣ ሌላው ወር ይጠብቃል። በአንድ ስብሰባ ላይ ሰዎች ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም።

ደንቡን የጻፈችው ከይሪያ ናት። ብልሽት ያጋጠመው ሁሉ በመረቡ ላይ በተከፈተው የጥያቄ ገጽ ችግሩን ይጽፋል። ጥያቄዎቹ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይቆጠራሉ፣ ብዙ የተጻፈለት ቦታ ይቀድማል። ሱቅ ድረስ መጥቶ የሚለምን፣ ደውሎ የሚማጸን አይሰማም። ባንክ ቤት የኮምፒዩተር ሠራተኛ የሆነው ቢንያም ገጹን አዘጋጀ፣ ሁሉም ፈረሙ። ጭቅጭቁ ቆመ። የራሷ ብሎክ እንኳ ተራው እስኪደርስ ሰባት ሳምንት ጠበቀ። ሰዉ ሲያልፍ ሲያገድም «ከይሪያ ፊት አይታ አታዳላም» ሲል ትሰማ ነበር።

በ2016 ነሐሴ ላይ እንጦጦ ላይ መብረቅ ወረደ። የኮረብታው ክፍል በከይሪያ ኮምፒዩተር ላይ በቀይ ታየ። እዚያ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ቀይ ማየት አዲስ ነገር አልነበረም። «መብራት ይሆናል» አለች። በመስከረምም ቀይ ነበር፣ በጥቅምትም። በጥያቄ ገጹ ላይ ግን ከእንጦጦ አንድም ቃል አልተጻፈም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሱቋ ሰው በሞላበት ሰዓት፣ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ የኮምፒዩተሩን ሰዎች የት አገኛቸዋለሁ?»

«እዚሁ ነው። ምን ነበር አባቴ?»

«ከእንጦጦ ነው የመጣሁት። መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ እባላለሁ። የክፍሉን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ማሽኑ ከክረምት ወዲህ ምንም አያሳይም። ሰው እየመጣ ይመለሳል።»

ከይሪያ አጎንብሳ የአንድ ስልክ ሰሌዳ እየበየደች ነበር። በዚያ ሳምንት ብቻ ከወረፋ ውጭ ኑልን እያሉ ስድስት ሰዎች መጥተውባት ነበር።

«አባቴ፣ መዝገብ አለን» አለች ቀና ሳትል። «እዚያ ላይ ያስመዝግቡ። ተራው ሲደርስ እንመጣለን። ለማንም ከወረፋ ውጭ አንሄድም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«መዝገብ?»

«አዎ። የመጣ ሁሉ ስሙንና ችግሩን ይጻፍ። ብዙ የተጻፈለት ይቀድማል።»

«እሺ ልጄ» አሉ መሪጌታ። «ደንብ ከሆነማ ደግ ነው።»

በሦስት ታክሲ የመጡበትን መንገድ በሦስት ታክሲ ተመለሱ። ከይሪያ የተበየደው ሽቦ እስኪቀዘቅዝ ስትጠብቅ ትንሽ አሰበቻቸው። ከዚያ የሚቀጥለው ደንበኛ ስልኩን ሰጣት።

በየካቲቱ ስብሰባ ቢንያም የቦታዎቹን ዝርዝር እያነበበ ቆም አለ። «እንጦጦስ? ስድስት ወር ሆነው እኮ።»

«ጥያቄ የለም» አለች ከይሪያ። «ቢፈልጉት ይጽፉ ነበር።»

ማንም አልተከራከረም። ከአምስቱም ሦስት ሰው ብቻ ቀርቶ፣ ኮረብታ ወጥቶ መውረድ ሙሉ ቀን እየፈጀ፣ ያልጠየቀን ቦታ ማን ያነሳል?

ሚያዝያ ላይ የአባዶ ትምህርት ቤት ባትሪ ሞተ። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ በመሆኑ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚለማመዱት በዚያ ክፍል ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር አራት መቶ ልጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አዲስ ባትሪ የሚገዛ ገንዘብ አልነበረም። ቢንያም «የእንጦጦው ያለ ሥራ ተቀምጧል» አለ። ከይሪያም ተስማማች። ማንም የማይጠይቅበት ቦታ ላይ ደህና ባትሪ ማበላሸት ጥፋት መሰላት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ባትሪውን ሊያወርዱ ወጡ።

ክፍሉ ተቆልፎ አገኙት። ቢንያም በጎረቤት ሲጠይቅ ከባህር ዛፉ ውስጥ አንዲት ሴት የቅጠል ሸክሟን እንደተሸከመች መጣች። ሸክሟን ከግንብ አስደግፋ አራገፈችና ከጉያዋ ቁልፍ አወጣች። ዳርቱ ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእንጦጦ ማገዶና ቅጠል እያወረደች ሽሮ ሜዳ ትሸጣለች።

«ከአባዶ ናችሁ?» አለች። ከይሪያ አዎ አለቻት። «መምጣታችሁ ደግ ነው። መሪጌታ ግን አልደረሱም። በጥር አረፉ።»

ከይሪያ ቶሎ አልገባትም። ዳርቱ በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ኮምፒዩተሮቹ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍነዋል። ከጎናቸው ጠረጴዛው ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር አለ።

«ይኸው መዝገቡ» አለች ዳርቱ። «መሪጌታ ጥያቄው ሲበዛ ይመጣሉ ብለውን ነበር።»

በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በቁም ጽሕፈት፣ «ለየካ አባዶ የኮምፒዩተር ማኅበር የሚቀርብ የጥያቄ መዝገብ» ይላል። ከሥሩ ረድፍ በረድፍ ተጽፏል። ኅዳር አሥራ ዘጠኝ፣ ዳርቱ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ልታይ መጥታ ተመለሰች። ኅዳር ሃያ፣ ወይዘሮ ሰኚ፣ ስለ ሕፃኗ ሳል ልታነብ መጥታ ተመለሰች። ኅዳር ሃያ፣ ዳርቱ፣ ተመለሰች። መፈረም የማይችል ሰው አሻራውን አኑሯል። ከጥር አጋማሽ በኋላ ጽሕፈቱ ይለወጣል፣ የዳርቱ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ያበቃል።

ከይሪያ ቆማ አነበበችው። ቢንያም በትከሻዋ በኩል እያየ ነበር። «ይሄን ማን አዘዛቸው? ጥያቄ እኮ በገጹ ላይ ነው የሚጻፈው» አለ፤ ከዚያ የተናገረው ለራሱም ተሰማው። ገጹ ያለው መረቡ ውስጥ ነው። አባዶ መረቡ የተቋረጠበት ሰው ጎረቤት ብሎክ ሄዶ ይጽፋል፤ ኮረብታ ላይ ያለው ገጹን በምን ይከፍተዋል?

«እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው» አለች ከይሪያ።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ረድፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆጠረች። ሁለት መቶ ሦስት ናቸው። አባዶ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጥያቄ የቀረበበት ብሎክ አርባ አንድ ነበረው። እሷ በጻፈችው ደንብ እንኳ ቢሆን ኮረብታው ከታኅሣሥ ጀምሮ አንደኛ መሆን ነበረበት።

«ፈተናውስ?» ብላ ዳርቱን ጠየቀቻት።

«በግል ልፈተን አስቤ ነበር። መጽሐፍ የለኝም፣ እዚህ ነበር የማነበው። ምዝገባው አለፈ።» ዳርቱ ይህን ያለችው ቁጣም ለቅሶም ሳይኖርበት ነው። ከይሪያን የከበዳት ይኸው ነበር። ብትቆጣት የምትመልሰው አታጣም ነበር።

ቢንያም ውጭ ወጥቶ ምሰሶውን ተመልክቶ ተመለሰ። ማስተላለፊያው በመብረቁ ከስሏል። በእጃቸው ትርፍ የለም፣ እስከ አዲሱ ዓመት መዋጮም የለም። «ከይሪያ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ባትሪው እዚህ ቢቀመጥ ሳይሠራ ይሞታል። እዚያ አራት መቶ ልጅ ነው ያለው።»

እሷም ይህንኑ እያሰበች ነበር። ከየትኛውም በኩል ብታየው መልሱ ያው ነው፣ ትክክል መሆኑም አላጽናናትም። ብዕሯን አውጥታ በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ባትሪውን ማን እንደወሰደውና ለምን እንደወሰደው ጻፈች፣ ስሟንና ስልኳን አኖረች።

ባትሪው ከባድ ነው። መኪና የሚገኝበት መንገድ ድረስ ቁልቁለቱ ድንጋያማ ነው። ቢንያምና ከይሪያ ሁለት ጊዜ አንስተው ሁለት ጊዜ አስቀመጡት። ዳርቱ ገመዷን ከቅጠሉ ሸክም ላይ ፈትታ መጣች። «አሲዙኝ» አለች። እምቢ ቢሏትም ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠች። እስከ መንገዱ ተሸክማው ወረደች፣ እነሱ ባዶ እጃቸውን ከኋላ ተከተሏት።

«መቼ ትመልሱታላችሁ?» ብላ ጠየቀች ሚኒባሱ ሲነሣ።

«ማስተላለፊያ ስናገኝ» አለች ከይሪያ።

«እሺ» አለች ዳርቱ።

በቀጣዩ ስብሰባ ከይሪያ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ያለወትሮዋ ረዘመች። መሪጌታ ሱቋ መምጣታቸውን፣ ቀና ብላ እንዳላየቻቸው እንኳ አልደበቀችም። «ደንቡም የኔ፣ ጥፋቱም የኔ ነው» ስትል ቢንያም «ሁላችንም ፈርመንበታል» አላት። ደንቡ ተቀየረ። አንድ ወር ዝም ያለ ቦታ ካለ፣ ጥያቄዎች ከመቆጠራቸው በፊት በእግር ሄዶ ማየት ግዴታ ሆነ። ኮረብታውም በዝርዝሩ አናት ላይ ተጻፈ። በዚያ ክረምት ዝም ያሉ ቦታዎችን ለማየት ሁለት ጊዜ ወጡ። በመስከረም የቢንያም መሥሪያ ቤት ወደ ጅማ አዛወረው። ከይሪያና አንድ ሌላ ሰው ቀሩ። እሱም የሚመጣው ሲመቸው ነው።

ተማሪዎቹ ተፈትነው ሄዱ። ባትሪው ጥቅም ሰጥቷል፣ ይህን መካድ አይቻልም።

በ2018 ጥቅምት ላይ ቢሮውን የዘጋ አንድ ደንበኛ ያገለገለ ማስተላለፊያ በነጻ ሰጣት። ከይሪያ መጀመሪያ እሱን ልትገጥም፣ ባትሪውን በሌላ ቀን ልታስጭን አስባ ሱቋን ዘግታ በዚያው ቀን እንጦጦ ወጣች። የክፍሉ በር ክፍት ነበር። ውስጡ በድንኳን፣ በወንበርና በትላልቅ ድስቶች ተሞልቷል። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ አቶ ከበበ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ክፍሉን ለዕቃው ፈለግነው» አሉ። «ዘንድሮ ብዙ ሰው ሞተብን፣ ሌላ ድንኳን ገዛን። ኮምፒዩተሮቹ ያውና ጥጉ ጋ። ጣሪያው አፍስሶባቸዋል።»

«ዳርቱ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ቁልፉን የምትይዝ።»

«ዓረብ አገር ሄደች። ሁለት ወር ይሆናታል።»

ከይሪያ ገብታ ኮምፒዩተሮቹን አየቻቸው። ከአንዱ ጎን ዝገት ወጥቷል። መዝገቡን ፈለገች፣ አላገኘችውም። አቶ ከበበን ልትጠይቃቸው ፈልጋ ተወችው። ለድንኳኑ የሚሆን ሌላ ቦታ እንደሌለ ግን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የለም አሉ፣ እውነታቸውን ነበር። አመስግናቸው ማስተላለፊያውን በያዘችበት ከረጢት ይዛ ወረደች።

በማግስቱ ብዙ ጥያቄ የቀረበበት ብሎክ ጣሪያ ላይ ወጥታ ገጠመችው። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ስትወርድ ሁለት ሴቶች ደረጃው ላይ አግኝተው ለምን ይህን ያህል እንደዘገየ ጠየቋት። ዕቃ አልነበረም አለቻቸው።