ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ሰንጠረዥ

ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ መስከረም ላይ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ያኔ የሠራሁት ሥራ ዛሬም ማርከር በያዝኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

መስከረም በቆላው የወባ ወር ነው። አንድ ቀን ከድንበሩ ካምፕ የጦሩ ሐኪም አስር አለቃ ሙላት መጣ። አልፎ አልፎ ብቅ እያለ ስለምንጫወት እንቀራረባለን።

"ዶክተር፣ ሃያ ሦስት ልጆች ተኝተውብኛል። ኪኒን አልቆብናል፤ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅ" አለኝ። ነርስ መሆኔን እያወቀ ዶክተር የሚለኝ ሲቸግረው ነው።

ኪኒኑን ቆጥሬ ሰጠሁት። መዝገቡ ላይ ማዕረጉንና ስሙን ጽፎ ፈረመ። ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይቺን ነገር በሆድህ ያዛት። እኛ ዘንድ የጦር ክፍልን ጉዳይ ውጭ ማውራት ያስከስሳል" አለኝ።

"እናቴን! ከአፌ አትወጣም" ብዬ ማልኩለት።

እውነትም ከአፌ አልወጣችም።

ወሩ ሲያልቅ የበሽታ ሰንጠረዥ ሠርተን ግድግዳ ላይ የመስቀል ልማድ አለን። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እኔ ደግሞ በእጅ ጽሑፌ የምኮራ ሰው ነኝ። ነዋሪውን በሰማያዊ፣ ሳሉጉን ማለትም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣውን የቀን ሠራተኛ በአረንጓዴ አሰመርኩ። ሦስተኛውን በቀይ አደረግኩና ከሥሩ "ካምፕ፦ 23" ብዬ ጻፍኩ። ሲያምር! ራቅ ብዬ ቆሜ ሁሉ አየሁት። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እንጂ አፍ አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ የካምፑ አዛዥ፣ ሻምበሉ ራሳቸው፣ ብርድ ብርድ ብሏቸው መጡ። ለምርመራ ደም ሰጥተው ውጤቱ እስኪደርስ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው ሁለት ነጋዴዎች ከድንበሩ ማዶ ስላለው የገላባት ገበያ ያወራሉ። ሻምበሉ ቀና ሲሉ ሰንጠረዡን አዩት።

ተነሥተው ክፍሌ ገቡና በሩን ዘጉ።

"ያን ቁጥር ማን ሰጠህ?"

"ማንም… በግምት ነው፣ ሻምበል።"

"በግምት ሃያ ሦስት?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ በክርኔ ተጫንኩት።

"ስንት ሰው እንደተኛ መናገር፣ ስንት ጠመንጃ እንደቆመ መናገር ነው" አሉኝ። ጥርሳቸው በብርዱ ይንገጫገጫል። "አንተን የእኛ ሕግ አይነካህም። የነገረህን ግን ይነካዋል። መዝገቡን አምጣ።"

መዝገቡ ክርኔ ሥር ነበር። የምዋሸውን ሳስብ እሳቸው ስበው ወሰዱት። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጡ። ጣታቸው ፊርማው ላይ ሲቆም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

"ልጆቹ እንዳይሞቱ ብሎ ነው። ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ።

"የአንተስ ጥፋት ባለማወቅ ነው" አሉ። "እሱ ግን ሕጉን ያውቃል።"

ውጤታቸው ወባ ሆነ። ኪኒናቸውን ተቀበሉ፤ ሰንጠረዡን ነቅለው፣ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል አጣሁ። ሙላት ታስሯል የሚልም፣ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል የሚልም ሰማሁ። ካምፕ ሄጄ ልጠይቅ እነሣና፣ የባሰ አበላሽበታለሁ ብዬ እቀመጣለሁ።

ሰሊጡ ታጭዶ ሳሉጉ ወደየአገሩ ሲመለስ፣ ሙላት በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል። ክንዱ ላይ የነበረው የማዕረግ ምልክት የለም፤ ቦታው ብቻ ከሌላው ጨርቅ ጠቆር ብሎ ይታያል።

"ልጆቹስ?" አልኩት፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

"ሁሉም ተነሥተዋል። የሰጠኸኝ ሲያልቅ ሻምበሉ ራሳቸው ሄደው ሌላ ኪኒን አስመጡ። እኔን ከሰሱኝ፤ ልጆቹን ግን አዳኑ። ዛሬ ለፋሻ ነው የመጣሁት።"

ፋሻውን ሰጠሁት። መዝገቡን ግን ወደ ራሴ ሳብኩት። "ተወው፣ አትፈርም" አልኩት።

"ዶክተር፣ ያንተም ሕግ ሕግ ነው" አለና ከእጄ ወሰደው። ማዕረግ በሚለው ሥር "ወታደር" ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ።

ይቅርታ ልለው እየፈለግኩ ሳልለው ወጣ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ። አሁን ሰው ምስጢር ሊነግረኝ ሲጀምር "ከአፌ አትወጣም" ብዬ አልምልም። ያኔም እኮ ከአፌ አልወጣችም።