ከመቶ በላይ

ቀለመ ወርቅ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ፎቶ ያነሣል፣ ስልክ ይጠግናል፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናል። ይህን ሁሉ ሌላም ሰው ይሠራል። እሱን ከሌላው የሚለየው ላፕቶፑ ነው፤ ላፕቶፑ የሚሠራው በሊኑክስ ነዋ! ሊኑክስ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የዋህ ሰው ሻይ ይጋበዛል፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ግን አይለቀቅም። ፕሮግራሙ በነፃ እንደሚገኝ፣ የዓለም ሰው ሁሉ ተረዳድቶ እንደሠራው፣ የፈለገ ሰው ውስጡን ከፍቶ ማየትና ማስተካከል እንደሚችል ይነገረዋል።

«የእናንተ ቤት ተቆልፎ ቁልፉ ሰው እጅ ነው» ይላል ቀለመ ወርቅ። «የእኔን ግን ምሰሶውን ሳይቀር ነቅሎ ማየት ይቻላል።»

«አዎ፣ ሲነቅል ነው የሚውለው» ትላለች ሚስቱ ካሣነሽ።

በግንቦት አንድ የእህል ነጋዴ ልጁን ሲድር ይህን ላፕቶፕ ከሞንታርቦ ስፒከር ጋር አጋጥሞ ያዘፈነውም እሱ ነበር። ሠርገኛው «ጨምር! ጨምር!» ሲለው ጨመረ። የሌሎቹ ኮምፒውተር መቶ ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል፣ የእኔ ግን ከመቶም በላይ ይሄዳል እያለ ለሚዜዎቹ ሁሉ ሲያስረዳ አመሸ። እንግዲህ ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እሱ ወዲያው ረስቷታል።

ሰውየው ከኮምፒውተር ጋር አልተወለደም። በልጅነቱ በሚካኤል ደብር ከየኔታ ብርሃኔ ዘንድ ስድስት ዓመት ድጓ ተምሯል። ቀለም ይገባዋል፣ ድምፅም አልተነፈገም። ችግሩ የተሰጠውን ድምፅ በሙሉ በአንድ ጊዜ ካላወጣሁ ማለቱ ነበር። ተማሪዎቹ አብረው ሲያዜሙ የሚሰማው የእሱ ብቻ ነው። አንድ የበዓል ቀን የኔታ በካህናቱ ሁሉ ፊት «አንተ ልጅ፣ ዝቅ በል፤ ሌላውም ይሰማ!» አሉት። ሳቁበት። እሱም ደበሎውን ጥሎ ከተማ ገባ። ይህ ከሆነ ሃያ አራት ዓመት ሆነ፤ የኔታን ባገኘ ቁጥር ጉልበት ስሞ ያልፋል፣ ያቺን ቃል ግን አልረሳትም።

በ2004 ነሐሴ ላይ የኔታን የዓይን ሞራ ጋረዳቸውና ለሕክምና ደብረ ታቦር፣ የእኅታቸው ልጅ ዘንድ፣ መሄድ ግድ ሆነ። በዚያው ወራት ዋናው ተማሪያቸው ዲያቆን አዲስዓለም ድጓውን ለመጨረስ ጥቂት ነበር የቀረው። ጥር ላይ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነው፣ ጋይንት ወዳለው ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ቤተ ልሔም ያላስመሰከረ ሰው የድጓ መምህር ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? የኔታም መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ወደ ቀለመ ወርቅ ቤት መጡ።

«ቀለመ ወርቅ» አሉት፣ «የቀረውን ቀለም በዚያ ዕቃህ አስቀርልኝ። ልጁ ከመንገድ እንዳይቀርብኝ።»

የቀለመ ወርቅ ልብ ሞላ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሲጠብቃት የኖራት ቀን መጣች። ሦስት ጧት ሱቁን ዘግቶ የየኔታን ድምፅ በስልኩ ቀዳ፣ ወደ ላፕቶፑ ገለበጠ፣ ቦታ እንዳይዝበትም ከስልኩ አጠፋው። የኔታም መርቀውት ሄዱ።

አዲስዓለም ጧት ጧት በየኔታ ፈንታ ታናናሾቹን ተማሪዎች ያስተምራል፤ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ደግሞ እየመጣ ጥግ ላይ ባለች በርጩማ ይቀመጥና ሄድፎን ጆሮው ላይ ያደርጋል። የላፕቶፑ የራሱ ስፒከር ሻይ ፈስሶበት ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታልና ድምፅ ሁሉ የሚወጣው በጎን ባለችው ቀዳዳ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሄድፎኑን አነሣ።

«ጋሼ፣ ይንጣጣል።»

«ምኑ ነው የሚንጣጣው?»

«የየኔታ ድምፅ። ዜማው ከፍ ባለ ቁጥር እንደ ሽምብራ ቆሎ ይንጣጣል።»

ቀለመ ወርቅ ሰማው። እውነትም ዝቅ ባለው ላይ ደኅና ነው፣ ከፍ ሲል ግን ይሰነጠቃል። ሄድፎኑን ቀየረ፤ ያው ነው። ከጎረቤት ተውሶ ሦስተኛ አመጣ፤ ያው ነው። ቀዳዳዋ አቧራ ይዛለች ብሎ እፍ አለባት። የክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥሞ በአረቄ ነክሮ ጠረጋት፤ ላፕቶፑ ለሁለት ቀን ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሸተተ። የሄድፎኑን ጃክ እያዟዟረ ሞከረ፣ በወረቀት ወጠረ። በመጨረሻም ብሎኖቹን ፈታና ውስጡን አየ፤ ሲገጥም አንድ ብሎን ተረፈው።

«ትርፍ አገኘህ» አለች ካሣነሽ።

ከዚያ ወደ ፕሮግራሙ ዞረ። ጥቁሩን መስኮት ከፈተ፣ ትእዛዝ ጻፈ፣ የድምፁን ፕሮግራም ገድሎ አስነሣ። ድምፅ የሚለካባቸው ዓምዶች ተደርድረው ሲወጡ ሁሉም እስከ አናታቸው ሞልተዋል፤ ጫፋቸው ቀልቷል። አያቸውና ረካ። አንዱም አልጎደለም፤ የጎደለ ነገር ከሌለ ደግሞ ምን ችግር ይኖራል?

ቢጨንቀው የሊኑክስ ሰዎች የሚጠያየቁበት ድረ ገጽ ላይ በስልኩ ገብቶ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጻፈ። ስለ ቀዳዳዋ፣ ስለ አረቄው፣ ስለ ድጓ ታሪክም በመጠኑ። በአራተኛው ቀን ስሙ የማይነበብ አንድ ሰው መለሰለት፤ መልሱ አንዲት መስመር ናት። ድምፁን ስንት ላይ አድርገኸዋል? ትላለች።

«ይኸው ፈረንጅ!» አለ ቀለመ ወርቅ። «እኔ ቀዳዳ ስለው እሱ የድምፅ መጠን ይለኛል። ድምፁ እንደሆነ ሙሉ ነው!» ስልኩንም ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ደግሞ በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው ላፕቶፕ ዘፈን ያሰማል እኮ። ትልቁን ስፒከር ሰክቶ ሲለቀው ጎረምሶቹ ይደሰታሉ፤ ይንጣጣል ያለ አንድ ሰው የለም። አንዱማ «እንዲህ ሲሰነጥቅ ነው እንጂ!» ብሎ ጨፍሮለታል። ዘፈኑ ደኅና ከሆነ ማሽኑ ደኅና ነው። ማሽኑ ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ቀለመ ወርቅ ነገሩን ሦስት ቀን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተና ፍርዱን ሰጠ።

«አዲስዓለም፣ ማሽን አይዋሽም። የየኔታ ጉሮሮ ነው። አርጅተዋል፤ እኛ በአክብሮት ስለምንሰማቸው አልታወቀንም።»

አዲስዓለም ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «የየኔታ ከሆነማ ደግ ነው» አለ፤ ከዚያ ወዲህ አላማረረም። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የወጣውን አይመርጥም፣ ሁሉንም ይቀበላል። አንድ መምህር ሲያዜሙ የሚያስሉ ነበሩ፣ ተማሪዎቻቸውም እሳቸው ባሳሉበት ቦታ እያሳሉ ሊያስመሰክሩ ሄዱ እየተባለ በአገሩ ሲሳቅ ይኖራል። አዲስዓለም ሄድፎኑን አጥልቆ ደብተሩ ላይ ከፊደሎቹ በላይ ነጠብጣብ ነገር ሲያደርግ ቀለመ ወርቅ ብዙ ጊዜ አይቷል፤ ምንድን ነው ብሎ ግን አልጠየቀም።

ሁለት ወር የተባለው ሦስት ሆኖ የኔታ በኅዳር ሦስት ተመለሱ። ዓይናቸው በርቷል። ሐኪሙ ለጥቂት ቀን ከንፋስና ከጭስ ራቁ ቢላቸውም ከአውቶቡሱ ወርደው መጀመሪያ የገቡት ቀለመ ወርቅ ዘንድ ነበር፤ ሊያመሰግኑት። እሱ ደግሞ ሚሞሪ ሊያስጭኑ በተሰበሰቡ ሰዎች መካከል አስቀመጣቸውና፣ ሰውየው ምን ነካው እንጃ፣ «የኔታ፣ አይቀየሙኝ፣ እውነቱን ሌላ ሰው አይነግርዎትም» ብሎ ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረገ።

የኔታ ራሳቸውን ሰሙ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አንድ ምዕራፍ ያህል ሳይንቀሳቀሱ አዳመጡ። ከዚያ ሄድፎኑን ቀስ ብለው አውርደው በሁለት እጃቸው መለሱለት።

«ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም» አሉ። «አንተ አሰማኸኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

በማግሥቱ ለደብሩ አለቃ ላኩ። ኅዳር ሚካኤል ሌላ ሰው ይምራ፣ እኔ ጉሮሮዬ አርጅቷል፣ ምእመኑን አላስጨንቅም አሉ። ጉባኤውንም ለአዲስዓለም ትተው ቤታቸው ተቀመጡ። አርባ ዓመት ሙሉ የሚካኤልን ማኅሌት የመሩ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ያልመሩ እንደሆነ ከእንግዲህ አይመሩም፤ ይህን የማያውቅ በከተማው አልነበረም።

ቀለመ ወርቅ ሲሰማ ደንገጥ አለ፤ አዘነም። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ከሐዘኑ ሥር አንዲት ትንሽ ነገር ትኮረኩረው ጀመር። መሪ ከታጣ፣ ስድስት ዓመት ድጓ የተማረ፣ ጉሮሮው ያልተነካ ሰው በከተማው አለ አይደል? ማን ያውቃል፣ ሰው ልኮ ያስጠራው ይሆናል! አንድ ጧት ሱቁን ዘጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሚካኤልን ወረብ በስልኩ ቀዳና ወደ ላፕቶፑ ገልብጦ ሄድፎኑን አጠለቀ።

ተንጣጣ።

ሲያልቅ እንደ አዲስ አጫወተው። ከፍ ባለ ቁጥር ይሰነጠቃል። ካሣነሽ ቁርስ ይዛ ስትገባ ፊቱ አመድ መስሎ አገኘችውና ሄድፎኑን ከጆሮው ነጥቃ ሰማች።

«ውይ! ያንተም ጉሮሮ አርጅቷል ማለት ነዋ?»

«የማን ጉሮሮ? ማሽኑ ነው እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

ቃሉ ከአፉ ወጣ። ባልና ሚስት ተያዩ።

ካሣነሽ ቁርሱን አስቀምጣ ወጣች። ቀለመ ወርቅ ያን ጊዜ ፈረንጁ ትዝ አለው። እየፈራ የድምፁን ማስተካከያ ከፈተ። ከላይ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ምልክት ሞልቷል ብቻ ነው የምትለው፤ ስንት እንደሆነ የሚያሳየው ውስጠኛው ገጽ ነው። መቶ ሃምሳ ሦስት! ከግንቦቱ ሠርግ ጀምሮ እዚያው ተሰቅሎ ከርሟል። የሄድፎኑ ገመድ ላይ ያለችው ማዞሪያ ዝቅ ስላለች፣ ስፒከሩም በራሱ ቁልፍ ስለተቀነሰ፣ ጩኸቱ ሳይሰማ መሰንጠቁ ብቻ ቀረ። ወደ ሰባ አወረደው። የየኔታን ድምፅ ከፈተ። እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ወረደ፤ ከፍ ሲልም አይንጣጣ፣ ዝቅ ሲልም አይጠፋ።

ቀለመ ወርቅ አለቀሰ። ስለ የኔታ ይሁን ስለ ራሱ እሱም አላወቀውም።

ላፕቶፑን ታቅፎ በሩጫ ሄደ። የኔታ ከቤታቸው መደብ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ወደቀ፣ አንዱንም ሳይደብቅ ተናገረ፣ ሄድፎኑንም እንደገና አደረገላቸው። የኔታ ሰሙ። ለረጅም ጊዜ ሰሙ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀና ብሎ ሲያያቸው እየሳቁ ነበር።

«አይ አንተ ልጅ! ዛሬም መቶ አይበቃህም?»

«ይማሩኝ፣ የኔታ።»

«ተነሥ። ለአለቃው ብርሃኔ ይመራል ብለህ ንገር። አንተም ና፣ ከኋላ ቁም። ዝቅ ብለህ።»

በኅዳር ሚካኤል ቀን ታቦቱ ወጥቶ፣ ፀሐዩ ሞቅ ብሎ፣ የሩቁ የጋይንት ሰው ሳይቀር ግቢውን ሞልቶት ካህናቱ ለወረብ ቆሙ። ቀለመ ወርቅ ነጠላውን አደግድጎ ከኋለኛው ረድፍ ገባ። የኔታ ጽናጽላቸውን አነሡና መሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ያረጀ ነው፣ ግን አንድ ስንጥቅ የለበትም። ከጎኑ የቆመው ሽማግሌ እንባውን ጠረገ። ቀለመ ወርቅ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላውን ድምፅ እየሰማ፣ የራሱን ዝቅ አድርጎ ተከተለ። ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው።

ከዚያ የተቀባዮቹ ተራ ደረሰ። አዲስዓለም ከፊት፣ ሦስቱን ወር ያስተማራቸው ሰባት ተማሪዎች ከኋላው ሆነው ተቀበሉ። ዜማው ልክ ነው፣ ቃሉ ልክ ነው። ከፍ ማለት ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ስምንቱም በአንድ ጉሮሮ ተንጣጡ። አንዱም አልቀደመ፣ አንዱም አልዘገየ።

ከበሮው ቆመ። አዲስዓለም ግራ ገብቶት፣ የሳተ እንደሆነ ብሎ ደብተሩን ገለጠና ለየኔታ አቀረበ። የኔታ በበራ ዓይናቸው ተመለከቱ። የዜማ ምልክት ከጥንት ስምንት ነው፤ አዲስዓለም ዘጠነኛ ጨምሯል። ከፍ በሚለው ፊደል ሁሉ ላይ ሦስት ነጠብጣብ፣ በቀይ ቀለም፣ አንዷም ሳትዘለል፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው።

የኔታ ደብተሩን ይዘው ዞር አሉና ከኋለኛው ረድፍ ቀለመ ወርቅን በዓይናቸው ፈለጉት።

«ና እስቲ» አሉት። «ይኸኛውንስ በየት በኩል ነው ዝቅ የምታደርገው?»