ድንጋይ ይቆጠራል

የ1995 ዓ.ም. የክረምት ሪፖርት ሁለት ገጽ ነው። በሁለተኛው ገጽ፣ «በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት» ከሚለው አንጻር «የለም» ተብሎ ተጽፏል፤ ፊርማና ማኅተምም አርፎበታል። ሪፖርቱን ያወጣው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከጥቁር ውኃ ወንዝ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ከጽሕፈት ቤቱ ወደ ወንዙ የወረደ ሰው አልነበረም።

መምህርት እታገኝ ይህን ሪፖርት ከማየቷ በፊት የራሷን መዝገብ ከፍታ ነበር። ከራቤል ከተማ ማዶ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤት፣ በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት፣ ስም ስትጠራ «ምንይሉ» አለች። «አቤት» የሚል ጠፋ። ደግማ ጠራች። ክረምቱን ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ከርማ ስለነበር የሆነውን አልሰማችም። ከወንዙ ወዲያ የሚመጡት ልጆች አንገታቸውን ሲደፉ ወንዙ እንደወሰደው ገባት። መዝገቡን ዘጋች፤ ስሙን ግን አልሰረዘችውም።

ከደብረ ብርሃን አንድ ቅጽ ይዛ ተመልሳ ነበር። አንድ ኤምባሲ ለአነስተኛ የሕዝብ ሥራዎች ገንዘብ እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብባ፣ ለመጻሕፍት መደርደሪያ ይሆናል ብላ የወሰደችው ነው። በዚያ ሳምንት የፕሮጀክቱ ስም በሚጠየቅበት ቦታ ላይ «የእግረኛ ድልድይ» ብላ ሞላች።

ቅጹ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ሥራው ከአምስት መቶ ሰው የማያንስ መጥቀም አለበት፤ ሕዝቡም የድርሻውን ማዋጣት አለበት፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤም መያያዝ አለበት። የመጨረሻው ቀን የካቲት 30 ነው።

እታገኝ በሁለቱም ዳርቻ ያሉትን ቤቶች እየዞረች ጠየቀች። በዚያ አገር ግን ሰው አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። አንዱ «እግዜር ያውቃል» አላት፤ ሌላው ስለ ገብስ ማውራት ጀመረ። ሰባት የወለደችው ዘነበች እንኳ ልጆቿ ደጅ እየተንጫጩ «ሁለት ናቸው» አለች። ድምሩ መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ቸሩ ወረቀቱን አይተው፣ ለመቶ አሥራ ሁለት ሰው አንድ በቅሎ ይበቃል ብለው ቀለዱ።

የደብሩ መሪጌታ ገብረየሱስ ግን ቀልድ አላወቁም።

«ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ሰባ ሺህ ሰው በመቅሠፍት አለቀ። አንቺ ደግሞ ለፈረንጅ ብለሽ ልታስቆጥሪን?»

እታገኝ ቅጹን አጥፋ ያዘች። ሁለተኛውን ጥያቄ፣ መዋጮውን፣ አሰበች። የድልድዩ እግር በድንጋይ ነው የሚቆመው።

«የኔታ፣ ድንጋይስ ይቆጠራል?»

«ድንጋይ ይቆጠራል» አሉ መሪጌታው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው አወጁ፤ እያንዳንዱ ቤት በውስጡ ባለች ነፍስ ልክ ድንጋይ ወደ ወንዙ ዳር ያውርድ፣ ለሚጠባው ሕፃን ሳይቀር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንጋዩ ጉብታ ሆነ። ዘነበች ከባሏ ጋር ዘጠኝ ስታወርድ እታገኝን ላለማየት ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። እታገኝም እንዳላየች ሆና ዘጠኝ ብላ ጻፈች።

የምንይሉ እናት ወይዘሮ ፋንታዬ አራት ድንጋይ ከክምሩ ላይ ጨምረው አምስተኛውን ለብቻው አስቀመጡ። ከቤታቸው አራት ሰው ብቻ እንደቀረ የምታውቀው እታገኝ እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

«የልጄ ነው» አሉ። «ውኃ ወሰደው እንጂ ከቤቴ አልወጣም።»

ይህን ያዩ ሌሎችም እንዲሁ አደረጉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ክምሩ ሰባት መቶ ሠላሳ አራት፣ ለብቻው የተቀመጠው ደግሞ ዘጠኝ ነበር። ዘጠኙም በአምስት ክረምት ወንዙ የወሰዳቸው ናቸው፤ በአምስቱም ክረምት ሪፖርቱ «የለም» ይላል።

እታገኝ ዘጠኙንም በማመልከቻው ላይ ጽፋ ለድጋፍ ደብዳቤው አምስት ጊዜ ተመላለሰች። ጥር 18 ቀን ማኅተም ያዡ ስብሰባ ሄዷል ተባለች። ጥር 25 ቀን ጸሐፊዋ አልገባችም። የካቲት 2 ቀን ማመልከቻው በሌላ አቀራረብ ይጻፍ ተባለ፤ የካቲት 9 ቀን ደግሞ በፊተኛው። የካቲት 16 ቀን አቶ ቸሩ እውነቱን ተናገሩ፤ ዘጠኝ ሰው ሞቷል የሚል ወረቀት ከወጣው ሪፖርት ጋር ይጋጫልና ማኅተም አይመቱበትም። ይህን ቸልተኝነት ማለት ስሕተት ነው። ቸልተኛ ይረሳል፤ በየሳምንቱ አዲስ ምክንያት የሚያዘጋጅ ግን አልረሳም።

የካቲት 23 ቀን ጧት ዘጠኝ ቤተሰቦች ከመሪጌታው ጋር ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተቀመጡ። ወይዘሮ ፋንታዬ ሦስት ሰዓት ተሸክመው ያመጡትን ድንጋይ ይዘው ገብተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከፋይሎቹ መካከል፣ በቀስታ አሳረፉት።

«የለም ያሉት ይኸ ነው» አሉ። «ያንሱትና ክብደቱን ይዩት፣ ጌታዬ።»

አቶ ቸሩ አላነሱትም። ደጁን አዩ፤ እታገኝንም አዩ።

«መምህርት፣ ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«ሪፖርቱን ያርሙ አላልኩም» አለች። «መደገፍዎን ብቻ ይጻፉ። ስሞቹን እኛ እንጽፋለን።»

ደብዳቤው ሦስት መስመር ሆነ፤ ስለ ሞት አንድ ቃል የለበትም። ማኅተሙ ግን አለ። እታገኝ ከሥሩ ቃለ ጉባኤ አያያዘች፤ ዘጠኝ ስም፣ ዘጠኝ ቀን፣ ዘጠኝ የጣት አሻራ። ወይዘሮ ፋንታዬ ድንጋያቸውን ተሸክመው ተመለሱ።

በግንቦት ከኤምባሲው አንዲት ሴት ከአንድ መሐንዲስ ጋር በበቅሎ መጣች። ክምሩን ካዩ በኋላ ለብቻቸው ስለተቀመጡት ጠየቁ። እታገኝ ስሞቹን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ገንዘቡ ተፈቅዶ በቀጣዩ በጋ መሠረቱ ሲጣል መሐንዲሱ ዘጠኙን ከታች፣ ውኃው በሚመታበት በኩል፣ አስገባቸው፤ ጠንካሮቹ እነሱ ናቸው አለ። ቤተሰቦቹ ለሞቱባቸው መርጠው ያመጡት ድንጋይ ስለሆነ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

በሰኔ 1997 ዓ.ም. ጥቁር ውኃ ሞልቶ በሚያጓራበት ጧት እታገኝ ስም ጠራች። ከወዲያ ማዶ ሠላሳ አንድ ልጆች ነበሩ። ልብሳቸው በዝናብ ርሶ፣ እግራቸው ግን ወንዙን ሳይነካ፣ ሠላሳ አንዱም «አቤት» አሉ።

የዚያ ዓመት ሪፖርት ድልድዩ «በጽሕፈት ቤቱ ብርቱ ጥረት» እንደተሠራ ይገልጻል። በሁለተኛው ገጽ፣ በዚያው ረድፍ፣ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። ያን ዓመት ቃሉ እውነት ነበር።