እትዬ ካርታና አዲሱ ካርታ

ልጆቹ «እትዬ ካርታ» ነው የሚሏቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አራተኛ ክፍልን ታሪክና ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሒሳብ አስተምራለሁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የእኔ ተማሪዎች ከማባዛት ይልቅ የእሳቸውን ነገሥታት አጥርተው ያውቃሉ። በዚህ ስንት ጊዜ ተበሳጭቻለሁ!

ታሪክ ሲያስተምሩ መጽሐፍ አይዙም። የመጨረሻውን ወንበር የዛሬ ሺህ ዓመት፣ የፊተኛውን ዛሬ ያደርጉትና ልጆቹን በመካከል እያስራመዱ «አሁን የት ዘመን ደረስሽ? ማን ነገሠ?» ይላሉ። ኋላ የሚቀመጡት ረባሾች ንጉሥ መሆን ስለሚያምራቸው ያን ክፍለ ጊዜ ጭጭ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የፈተና ወረቀት ታቅፈው መጡና «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። መነጽራቸውን የረሱ መስሎኝ ቀለድኩ። አልሳቁም።

«ዓይኔ እየሄደ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የማየው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ከዚህ ክፍል አውጥተው ቤት ካስቀመጡኝ እኔ አለቀልኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አደራህን፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ወዲህ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ፣ እኔ ውጤቱን እጽፋለሁ። ለካርታው ግን አላስፈለግኳቸውም። በፕላስተር የተጠጋገነው አሮጌ ካርታ ሃያ ዓመት ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ከላይኛው ምስማር አንድ ስንዝር ወደ ታች፣ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ሲሉ ተራራው ላይ ናቸው። ማንም አይጠረጥርም። እኔ ግን ርዕሰ መምህሩ በጠራኝ ቁጥር ሰበብ እያዘጋጀሁ ነበር የምሄደው፤ ነገሩ ቢታወቅ ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ እጅ ጽሕፈት ነዋ።

አንድ ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ርዕሰ መምህሩ እየሮጠ መጣ። «ሱፐርቫይዘር መጥቷል! የእትዬን ክፍል ነው የሚያየው። ያንን ቡትቶ አውርድና ይሄንን ስቀል» ብሎ የተጠቀለለ ካርታ እጄ ላይ ጣለ። አለቃ ፊት እምቢ የሚል አንደበት አልፈጠረልኝም። ሰቀልኩት። እንዲያውም ራቅ ብዬ አደነቅሁት፤ ሰፊ ነው፣ ጎረቤት አገሮችንና ባሕሩን ሁሉ ይዟል። የሠራሁት ጥፋት የገባኝ ያኔ ነው። ልነግራቸው ወደ በሩ ስዞር እሳቸውና ሱፐርቫይዘሩ ጎን ለጎን ገቡ። «አንተም ቁጭ በልና ታዘብ» አለኝ ሰውዬው።

እንዲጠነቀቁ ልስል አሰብኩ። ሰውዬው ለምን ብሎ ቢጠይቀኝስ? ቁጭ አልኩ።

እትዬ ካርታ ዱላቸውን አንስተው በግራ እጃቸው ምስማሩን ዳሰሱ። ስንዝር፣ ሁለት ጣት። «ወንዞቻችን ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ነው» አሉ በኩራት። «ከዚህ ትልቅ ተራራ።» ዱላው ባሕሩ መሐል ቆሟል። አንድም ልጅ አልሳቀም። ሁሉም አጎንብሰው ጻፉ።

ሱፐርቫይዘሩ ፊት የተቀመጠችውን ልጅ አስነሣ። «ነይ፣ እዚህ ጋ ያለው ምንድን ነው?»

ልጅቷ እትዬን አየች። «ተራራ።»

«አንተስ?» አለ ከጎኗ ያለውን ልጅ።

«ተራራ።»

«ይሄ ሁሉ ሰማያዊ ተራራ ነው?» አለና ወደ ቅጹ አቀረቀረ። «አራተኛ ክፍል ደርሰው ባሕርና ተራራ የማይለዩ ልጆች! እነዚህማ ወደ ሦስተኛ መመለስ አለባቸው።»

እትዬ ካርታ ወደ ካርታው ዞሩ። ጣታቸው በአዲሱ ወረቀት ላይ ሄደ፤ ፕላስተር የለም፣ ቅዳጅ የለም። ዝም ቢሉ ያልፍላቸዋል፤ ጥፋቱ የልጆቹ ሆኗል። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዝም እንዲሉ በልቤ እየለመንኩ ነበር።

«ልጆቹን ተዋቸው» አሉ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም። ሦስት ዓመቴ ነው።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ድምፅ ዞሩ። «አንቺ ግን ታያለሽ። ባሕር መሆኑን እያየሽ ለምን ተራራ አልሽ?»

ልጅቷ አለቀሰች። «እንደማያዩ እናውቃለን፣ እትዬ። እህቴ እርስዎ ጋ ስትማርም የእሷ ክፍል ልጆች ያውቁ ነበር። ሲሳሳቱ እርስዎ ያሉትን እንድንል ተባብለን ነው።»

እትዬ ካርታ ጠረጴዛውን ያዙ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የዚያን ቀን ያህል ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ሱፐርቫይዘሩን ጭራሽ ረስተውታል።

«ሌላስ?» አሉ ወደ ክፍሉ። «ሌላ ምን ምን ተሳስቼ ዝም አላችሁኝ?»

ሃምሳ ሁለቱም ልጆች እንደገና አጎንብሰው ደብተራቸው ላይ አፈጠጡ።