ቨርሊን የቀየረቻቸው ሁለት ቃላት

ከቨርሊን ስትሮፕ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት አጥር ተዋስነን ኖረናል። ስለዚህ የዚህ ሸለቆ ሰው እሑድ ከስብከት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቨርሊን ባሏን አውጥታ ጣለችው» እያለ ሲያንሾካሹክ ደሜ ይፈላል። አልጣለችውም። እሱን ከቤት ላለማስወጣት ያደረገችውን ሁሉ ያየሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳልሆነላትም ያየሁት እኔው ነኝ፤ በመሀሉም የእኔ እጅ አለበት።

ባሏ ኦርቪል ሃያ ስድስት ዓመት ከመሬት በታች ከሰል ሲያወጣ ኖሮ አቧራው ሳንባውን ጨረሰው። እዚህ ዌስት ቨርጂኒያ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም፤ በየመንገዱ እንዲህ የሆነ አንድ ሁለት ሰው አለን። አየር የሚሰጠው ማሽን ሳሎኑ ጥግ ላይ ሲያጓራ ይውላል፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ ነው። ከአልጋው መጸዳጃ ቤት እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል። እኛ ጋ ደግሞ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ያኔ ሮጦ መጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር የሚከፍትለት ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ኦርቪል የለም ማለት ነው።

ከሆስፒታል የወጣ ዕለት፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ የቨርሊንን እጅ ይዞ «የፈለግሽውን አድርጊኝ፤ እዚያ ቤት ብቻ አታስገቢኝ» አላት። እዚያ ቤት የሚለው ከወንዙ ማዶ ያለውን የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ወንድሙ ክላይድ የሞተው እዚያ ነው። ቨርሊንም «እኔ እያለሁ አትገባም» አለችው።

በዚያው ዓመት በጸሐፊነት የምትሠራበት ትምህርት ቤት ተማሪ አነሰው ተብሎ ተዘጋ። ትምህርት ቤቱ ከቤቷ አምስት ደቂቃ ስለነበር በየእረፍቱ ብቅ እያለች ታየው ነበር። የቀረው ሥራ ሁሉ ከተራራው ማዶ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ነው። ቤቷ ቁጭ ብላ የምትሠራው ነገር ካላገኘች ኦርቪል እዚያ ቤት መግባቱ ነው።

አንድ ቀን ገና በሩን አልፌ ሳልገባ «ኔልዳ፣ የችሎት ቃል አራሚ ልሆን ነው» አለችኝ።

«ምን ልትሆኚ?»

«እናንተ ፍርድ ቤት ትንሽ መሣሪያ ፊቷ አቁማ የሰው ቃል የምትመዘግብ ሴት የለችም?»

አዎ፣ አለች እንጂ። የካውንቲውን፣ የወረዳችንን ፍርድ ቤት ወለል የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ በደንብ አውቃታለሁ። ቨርሊን እንደነገረችኝ መዝጋቢዋ በጥድፊያ በምልክት ነው የምትጽፈው፤ ኮምፒውተር ምልክቱን ወደ ፊደል ይለውጠዋል፤ የሚወጣው ጽሑፍ ግን ስህተቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ድምፁን እያዳመጠ ገጽ በገጽ ያጸዳላታል።

«ያ ሰው ቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው። በፒጃማው!» አለችኝ።

«በፒጃማ ከሆነማ ተወልደሽበታል» አልኳት።

ትምህርቱ በኢንተርኔት ነበር፤ ስምንት ወር ፈጀባት። ጠረጴዛዋን ከኦርቪል አልጋ አጠገብ አደረገች። ድምፁን በእግሯ መርገጫ ታስኬደዋለች፣ በእግሯ ታቆመዋለች፣ እጇ ይጽፋል። ማዳመጫውን ቀኝ ጆሮዋ ላይ ብቻ ታደርጋለች፤ ግራው የኦርቪል ነው። እሱ ታዲያ አያስቀምጣትም ነበር።

«ዳኛዬ፣ ችሎቱ ለምሳ አይነሳም ወይ?»

«ተከሳሽ ዝም ይበል!»

«ተከሳሽ ርቦታል። ይጻፍልኝ።»

ተነስታ ቦሎቄውን ታሞቅለታለች፣ የበቆሎ ዳቦ ትቆርስለታለች፣ ተመልሳ ትረግጣለች። በነዚያ ወራት እዚያ ቤት ሳቅ ነበረ፤ ይህን ማንም እንዲረሳው አልፈልግም።

የሥራው የመጀመሪያ ሕግ የተባለውን እንጂ ያልተባለውን አለመጻፍ ነው። ምስክሩ ቢሳሳት ስህተቱ ይጻፋል፣ ቢሳደብ ስድቡ ይጻፋል። መሳቁ፣ ማልቀሱ፣ ማሳሉ ግን ወረቀት ላይ አይገባም። ተጠይቆ ዝም ካለ መዝጋቢዋ «መልስ የለም» ትላለች፣ በቃ።

«ሰውዬው እዚያው ወንበሩ ላይ ቢሞትስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«'ሞትኩ' ካላለ አልጽፍም» አለችኝና ተሳሳቅን።

ማስተማሩንስ ማንም ያስተምራል፤ ሥራ የሚሰጥ ነው የጠፋው። የየግዛቱን መዝጋቢዎች ስም ከማኅበራቸው ዝርዝር እያወጣች ለእያንዳንዳቸው በስማቸው ጻፈች። ሁለት መቶ ሦስት ደብዳቤ ልካ ስድስት መልስ አገኘች። አራቱ «ልምድ አለዎት?» ይላሉ። አንዷ ሃያ ገጽ ለሙከራ ልካ፣ ሥራው ሲደርሳት ድምጿን አጠፋች። ሌላዋ ምን እንደምትወድና ምን እንደምትጠላ የሚዘረዝር ወረቀት ላከችላት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ሳትልከው ቀረች። የመጀመሪያ ልምድ የሚባል ነገር ከየት እንደሚገኝ የሚነግራት አንድ ሰው ጠፋ። ቨርሊን ግን በየጠዋቱ ፀጉሯን አበጥራ፣ ማንም ላያያት ጉትቻ አድርጋ፣ አምስት አምስት ደብዳቤ ትልክ ነበር።

የእኔ እጅ የገባው እዚህ ላይ ነው። ካንዳስ የምትባለው መዝጋቢ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ያበጠ የእጅ አንጓዋን በፋሻ ስትጠመጥም አገኘኋት። ከባለሙያዎቹ ጋር አታውሩ ተብለናል፤ መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አወራኋት።

«እመቤቴ፣ አራሚ አይፈልጉም?»

«ኧረ ስለ ፈጣሪ! የኔዋ ወልዳ ሥራውን ተወችው፤ ሦስት ምስክርነት ተከምሮብኛል። ሰው ታውቂያለሽ?»

«ጎረቤቴ ናት። አንዲት ነጥብ አታመልጣትም።»

አልዋሸሁም። ሰባት ወር አንዲት ነጥብ አላመለጣትም። ካንዳስ በመጀመሪያው ወር ሁሉንም ገጽ መልሳ ታነብ ነበር፤ በአራተኛው ወር እየዘለለች ማንበብ ጀመረች። በሰባተኛው ወር ቨርሊን የላከችላትን ሳትከፍት ትፈርምበት ነበር። ኦርቪልም በዚያ በጋ ኪሎ ጨመረ።

ከዚያ ያ ምስክርነት መጣ። ቨርሊን የሰዎቹን ስም አልነገረችኝም፣ ሥራው አይፈቅድም። አንዲት ሴት ሌላ ከተማ ያለ መጦሪያን ከሳለች፤ አባቷ እዚያ ጀርባው ቆስሎ ነው የሞተው። ምስክርነቱ የተሰጠው ዳኛ በሌለበት፣ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው። የመጦሪያው ጠበቃ «አባትዎን በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠይቁ ነበር?» አላት። ሴትየዋ አልመለሰችም። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አለቀሰች። ጠበቃው «እሺ፣ እንለፈው» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ።

ካንዳስ በመሣሪያዋ «መልስ የለም» ብላ ነበር፤ ሕጉም ይኸው ነው። ቨርሊን አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እየመለሰች እንደሰማችው ነገረችኝ። ግራ ጆሮዋ ላይ የኦርቪል ማሽን እያጓራ፣ ቀኝ ጆሮዋ ላይ ያቺ ሴት እያለቀሰች። ከዚያ «መልስ የለም» የሚለውን ሰርዛ በቅንፍ «ምስክሯ ታለቅሳለች» ብላ ጻፈች።

በኋላ ስቆጣት «ወረቀቱን ብታዪው፣ ኔልዳ፣ አባቷን ጠይቃ የማታውቅ፣ መልስ ያጣች ነው የምትመስለው። ዳኛው እኮ አልሰማትም፣ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያነበው። ካንዳስ ታየዋለች፣ ካልፈለገችም ትሰርዘዋለች ብዬ ነበር» አለችኝ።

ካንዳስ አላየችውም። እያንዳንዷ ቃል እውነተኛ ናት ብላ ከሥሩ ፈረመችበት። የመጦሪያው ጠበቃ ግን አየው፤ መዝጋቢዋ ለከሳሽ አድልታለች ብሎ ለሚመለከተው ሁሉ ጻፈ።

ካንዳስ የደወለችው ቅዳሜ ነው፤ ኦርቪልን ገላውን ልናጥበው እኔም እዚያው ነበርኩ። ቨርሊን እጇ ሳሙና ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ወይዘሮ ስትሮፕ፣ ገጽ ሰማንያ አራት። እኔ 'መልስ የለም' ብዬ አልነበረም?»

«ብለው ነበር።»

«ማነው የቀየረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አለቀሰች እኮ።»

«ማልቀሷን አውቃለሁ! ፊት ለፊቷ ነበርኩ፤ እኔም ከንፈሬን ነክሼ ነው የጨረስኩት። እዚያ የምቀመጠው ግን ለማንም እንዳላዝን ነው። የዚያ ጠበቃ ቢሮ ከእንግዲህ አይጠራኝም፤ ግማሹ ሥራዬ የእነሱ ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጻፍላቸው፤ የኔ ነው ብዬ ልፈርም።»

«የእርስዎ ብቻ አይደለም። ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ግን ከዚህ በኋላ የእርስዎን ሥራ ባየሁ ቁጥር እያንዳንዷን መስመር ልጠራጠር ነው። አልችልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ካንዳስ ስልኩን ዘጋችው። እኔ ልሰድባት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምሰድባት ግን አጣሁ።

ቨርሊን እንደገና ደብዳቤ ጀመረች። አሁን ልምድ አላት፤ ታዲያ ሁሉም የሚጠይቋት «በመጨረሻ ከማን ጋር ሠሩ?» ነው።

«ካንዳስ የምትባል ሴት አላውቅም በያ!» አልኳት።

«ሰባት ወር የት ነበርሽ ቢሉኝስ?»

«ታምሜ ነበር በያቸዋ! ማን ያጣራል?»

«አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ቃል ቀይሬ ያመጣሁትን አየሽ አይደል? አሁን ደግሞ የራሴን ልቀይር?» አለችኝ። ለጠየቃት ሁሉ የሆነውን እንዳለ ነገረች። አንዳንዶቹ አመሰገኗት፤ አንዳቸውም ሥራ አልላኩም። እውነተኛ ሰው አንዳንዴ ያቃጥለኛል። ወደ ክረምቱ ስንገባ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ማበጠር ተወች፤ ስልክ ላይም እየለመነች ማውራት ጀመረች። «ግማሹን ጊዜ በነፃ ልሥራልዎት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው፣ ኦርቪልም ይሰማል።

አንድ ማክሰኞ ከሱቅ ስትመለስ ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ ጠበቃት።

«አልጋ አግኝቻለሁ» አላት።

«የምን አልጋ?»

«ማዶ። ሐሙስ ግባ ብለውኛል።»

«ማን ጠይቅ አለህ?»

«ሰለቸኝ እዚህ። ከከሰል ጉድጓዱ የማውቃቸው... ሰዎች አሉ እዚያ። ካርታ ይጫወታሉ።» እዚህ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ አረፈ። «አንቺም ሥራ ያዢ።»

ይህን ሁሉ የነገረችኝ የእኔ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ነው፤ ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም። «ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ኔልዳ። 'አይሆንም' ማለት ነበረብኝ። አፌን ልከፍት ስል ውስጤ ተንፈስ አለ። ገላገለኝ ብዬ ደስ አለኝ። እሱም ፊቴ ላይ አየው።» ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን ለቅሶ የትም መጻፍ አልፈልግም።

ሐሙስ በእኔ መኪና ወሰድነው። የእሑዱን ሸሚዙን አድርጎ ነበር።

አሁን ቨርሊን ከተራራው ማዶ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ስትጨርስ አንድ ሰዓት ነድታ በቀጥታ ወደ እሱ ትሄዳለች። ሁልጊዜ ተኝቶ ነው የምታገኘው። ግማሽ ሰዓት እጁን ይዛ ትቀመጥና ወደ ቤቷ ትመጣለች። «እንቅልፍ በዝቶበታል፤ የሚሰጡት መድኃኒት ነው መሰለኝ። ጠዋት ለተረኛዋ ነርስ እደውልላታለሁ» ትለኛለች።

እኔ የምጠይቀው ረቡዕ በምሳ ሰዓት ነው። ባለፈው ረቡዕ የበቆሎ ዳቦ ወስጄለት ነበር። ካርታ የሚጫወት ሰው እስካሁን እዚያ አላየሁም። ግማሿን ቆርሶ በላና ወደ መስኮቱ እያየ «የመኪናዋን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ግቢ ስትገባ ይሰማኛል። ያኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ስንት መንገድ ነድታ ነው እኮ የምትመጣው! በየቀኑ!»

«ለዚያ እኮ ነው። ካየኋት ወደ ቤት ውሰጂኝ እላታለሁ።» ትንፋሹን ጠበቀ። «ካልኳት ደግሞ ትወስደኛለች።»

የተረፈውን ዳቦ ጠቅልዬ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩለት። ማታ ቨርሊን የቆሻሻ በርሜሉን ወደ መንገድ ስትገፋ አጥሩ ጋ ተገናኘን። ኮቷን እንኳ አላወለቀችም ነበር።

«ዛሬ ሄደሽ ነበር አይደል? እንዴት አገኘሽው?» አለችኝ።

«ተኝቶ ነበር» አልኳት።